አንድ እስር ሴለሪ ገዝተን ግማሹን ለምን እንጥላለን?

ይህ ጽሑፍ በሰፈራችን የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለጽሑፍ እንዲመች ትንሽ ነካክቼዋለሁ። ሰዎች የጠየቁኝንም በየቦታው አስገብቻለሁ።

ደህና ዋላችሁ። ለሴለሪ ብላችሁ ቅዳሜያችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።

ወሬ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር አሳይቼ ላስቀምጥ። ይህን ሴለሪ የገዛሁት ማክሰኞ ነው። ሆን ብዬ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። እዩት፣ አንገቱን ደፍቷል። ጫፉን ይዤ ሳነሳው እንደ ገመድ ይንጠለጠላል። ሳጥፈው ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። አምስት አገዳ ነው። ከእያንዳንዱ ሥር የደረቀውን ጫፍ፣ የጥፍር ያህል፣ በቢላዋ አነሳለሁ። አሁን ንጹሕ ውኃና በረዶ ያለበት ሳፋ ውስጥ አጋድሜዋለሁ። እስክንጨርስ እዚሁ ይቆይ።

ቅድም በር ላይ ስትገቡ ሁለት ጥያቄ ጠይቄያችሁ ነበር። ቤቱ ሴለሪ የሚገባ ማነው ስል ብዙ እጅ ወጣ። ያለፈውን እስር እስከ መጨረሻው የጨረሰ ማነው ስል ሁለት እጅ ብቻ ቀረ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ድስት ሾርባ ሁለት አገዳ ይበቃል። ሴለሪ የሚሸጠው ግን በእስር ነው። የተረፈው በመጣበት ፌስታል እንደታሰረ ፍሪጅ ውስጥ ይወረወራል። ከሳምንት በኋላ ሲፈታ ከሥሩ ውኃ ያቆረ፣ የሚያሙለጨልጭና የሚሸት ነገር ይወጣል። በዚህ ኑሮ ውድነት የሰው ገንዘብ እንዲህ ወደ ቆሻሻ ሲሄድ ሳይ ያንገበግበኛል። የሚያናድደው ደግሞ ለመከላከል ምንም ወጪ የማይጠይቅ መሆኑ ነው።

እኔ የግብርና ምሁር አይደለሁም። በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ወደ መጨረሻው የአትክልት መጋዘኑን የምረከበው እኔ ነበርኩ። ሥራውን በተረከብኩ በመጀመሪያው ወር አንድ ሣጥን ሙሉ ሴለሪ መጣ። ሳልሸፍነው የማቀዝቀዣው ማራገቢያ ፊት ለፊት አስቀመጥኩት። ቦታ ጠቦኝ ስለነበር ከአጠገቡ ሙዝ ደረደርኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሼፉ ገባ። አልጮኸብኝም። አንዱን አገዳ አነሳና ጣቱ ላይ እንደ ቀለበት ጠመጠመው። አወለቀው፣ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ፣ ሄደ። ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ ሴለሪ መጠየቅና ማንበብ ጀመርኩ። እስካሁንም አላቆምኩም።

የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ሴለሪን የሚገድለው ቀን አይደለም፣ ውኃ ማጣት ነው።

100 ግራም ሴለሪ ብትመዝኑ 95 ግራም ገደማው ውኃ ነው። የቀረችው አምስት ግራም ይህን ሁሉ ውኃ አቅፋ ቀጥ አድርጋ የምታቆም ናት። አገዳው ውስጥ ዓይን የማያያቸው በጣም ብዙ ትንንሽ ክፍሎች አሉ። እያንዳንዳቸው በውኃ ሲሞሉ እንደተነፋ ኳስ ይወጠራሉ። ሁሉም ተወጥረው እርስ በርስ ሲገፋፉ አገዳው ይጠነክራል፣ ሲሰበርም ቀጭ ይላል። ውኃው ሲቀንስ ኳሱ ይተነፍሳል። መጠውለግ ማለት ይኸው ነው።

ደግሞ ሴለሪ ከማሳ ስለተቆረጠ አልሞተም። ፍሪጃችሁ ውስጥም ሆኖ ይተነፍሳል። በቅጠሉ በኩል ውኃ ያስወጣል። ልዩነቱ ከሥር የሚተካለት ማጣቱ ነው።

ይህን በዓይናችሁ እንድታዩት አንድ ነገር አዘጋጅቻለሁ። ትናንት ማታ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ቀይ የምግብ ቀለም ጠብ አደረግሁ። ቅጠሉ ያልተነካ አንድ አገዳ አቆምኩበት። አሁን ቅጠሉን እዩ፣ ዳር ዳሩ ቀልቷል። ማንም አልቀባውም፣ ራሱ ጠጥቶ ነው። አገዳውን መሃሉ ላይ ስቆርጠው ደግሞ፣ እዩት፣ በጀርባው በኩል ቀያይ ነጥቦች ተሰልፈዋል። የውኃ ቧንቧዎቹ ናቸው። (ከፊት የተቀመጠ ልጅ ተነስቶ መጥቶ በጣቱ እየነካ ቆጠራቸው። ዘጠኝ አለ። እናቱም አብራ ቆጠረች።) ልጆች ያላችሁ ቤታችሁ ሞክሩት። ጥርስ ውስጥ የሚገባው ክር ግን ቧንቧው አይደለም። በአብዛኛው ከቧንቧዎቹ ውጭ፣ በሸንተረሩ ላይ ያለ ደጋፊ ነው። ከጫፉ ትንሽ ሰበር አድርጋችሁ ወደ ታች ብትስቡት ተላቆ ይመጣል።

እንግዲህ ወደ መግዛቱ እንሂድ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዳይ እዚያው ሻጩ ጋር ያልቃል።

ሴለሪ ቀዝቃዛ አየርና ብዙ ውኃ የሚወድ ተክል ነው። ሥሩ ጥልቅ አይሄድም። ስለዚህ ማሳ ላይ ትንሽ ውኃ ከጠማው ጉዳቱ አገዳው ውስጥ ይቀራል። መሃሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል፣ አንዳንዴም ባዶ ይሆናል። እንዲህ ያለውን በኋላ ምንም ብታደርጉት አይመለስም። ከውጭ ሲታይ ግን አረንጓዴና ቆንጆ ነው። የምትለዩት በእጅ ነው። አገዳውን በሁለት ጣት ጫን አድርጉት። ጥሩው ድንጋይ ድንጋይ ይላል። ባዶው ሰርጎድ ይላል፣ ስታነሱትም ከመጠኑ ይልቅ ይቀላል።

ሁለተኛ፣ እስሩን ከሥሩ ይዛችሁ አግድም አድርጉት። ትኩስ ከሆነ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ከሰነበተ ጫፉ ወደ መሬት ይወርዳል። ይህ የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው። ቅጠሉን ማየት ብቻውን አይበቃም። ጉሊት ላይ ሻጮቻችን ውኃ ይረጩበታል፣ ቅጠል ደግሞ ውኃ ሲነካው ወዲያው ያምራል። መርጨታቸው ማታለል አይደለም። ፀሐይ ላይ ለዋለ አትክልት ትክክለኛው እንክብካቤ ነው፣ እኔ ራሴ ብሸጥ እረጭ ነበር። እናንተ ግን አገዳውን እዩ።

ሦስተኛ፣ የተቆረጠበትን እዩ። ነጣ ያለ ወይም አረንጓዴ ቀመስ ከሆነ ቅርብ ነው። ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ቀናት አልፈውታል። ከዚያ እስሩን ከላይ ገለጥ አድርጋችሁ ልቡን ተመልከቱ። ከመሃል ያሉት ትንንሽ ቅጠሎች ከጠቆሩ ተዉት። ይህ ጥቁረት የሚመጣው ተክሉ ሲያድግ ካልሲየም ለእነዚያ ለጋ ቅጠሎች ሳይደርሳቸው ሲቀር ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ብስባሽ ቶሎ ይጀምራል።

ደንበኛ ያላችሁ ሰዎች አስፈቅዳችሁ አንዱን የውጭ አገዳ ስበሩ። የኔ ደንበኛ አሁን ሳልጠይቃት ራሷ ትሰብርልኛለች። «ስሚው» ትላለች። ድምፁን ማለቷ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ቀጭን፣ ቅጠለ ብዙና ጥቁር አረንጓዴ ነው። ሱፐርማርኬት ደግሞ ወፍራምና ነጣ ያለ አገዳ ያለው ይገባል። ቀጭኑ ሽታው ኃይለኛ ነው፣ ክሩም ይበዛል። ለሾርባ፣ ለሶስ፣ ለወጥ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ጥሬውን ለሰላጣ ወይም ለልጆች ለመክሰስ ከሆነ ወፍራሙ ይሻላል። ወፍራሙ ውድ ስለሆነ ይበልጣል ማለት አይደለም። ሥራቸው ይለያያል።

እስር ትልቅ ከሆነ ደግሞ ከጎረቤት ጋር ተካፈሉ። እኛ ፎቅ ላይ ሦስት ቤት ሆነን አንድ እስር እንገዛለን። ሁለት ዓመት ሆነን። እስካሁን አንድም ቅጠል ጥለን አናውቅም።

ሰዓትም ወሳኝ ነው። ጠዋት ግዙ። አትክልት ተራ ፒያሳ በነበረበት ጊዜ ለብዙዎቻችን ቅርብ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት። አሁን አትክልቱ ከዚያ ተጭኖ እስከ ሰፈራችን ጉሊት ይመጣል። ጠዋት የደረሰ ሴለሪ ከሰዓት በኋላ በበጋ ፀሐይ ላይ ሲውል ያው እኔ ጠረጴዛ ላይ እንደተውኩት ይሆናል። ገዝታችሁ ታክሲ ስትሳፈሩም ከድንችና ከሽንኩርት ሥር አትቅበሩት። አገዳው ከተሰነጠቀ በስንጥቁ በኩል ውኃው ያመልጣል፣ ብስባሹም በዚያ ይገባል።

አሁን ቤት ደርሰናል።

መጀመሪያ የምታደርጉት ከፌስታሉ ማውጣት ነው። እባካችሁ ይህን አንድ ነገር ያዙልኝ። ጥብቅ ብሎ የታሰረ ፌስታል ለሴለሪ መቃብር ነው። ሴለሪው ይተነፍሳል ብያችኋለሁ። የሚያስወጣው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ፌስታሉ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ተመልሶ ይንጠባጠብበታል። ሲያቆር ይበሰብሳል። በሌላ በኩል ደግሞ ሳትሸፍኑት ፍሪጅ ውስጥ ብትተዉት የፍሪጁ ደረቅ አየር ውኃውን ይመጠዋል። ሴለሪ የሚፈልገው በሁለቱ መካከል ያለውን ነው። ውኃው የማያመልጥበት፣ ግን አየር የማይታፈንበት ቦታ።

ሁለተኛ፣ ቅጠሉን ከአገዳው ለዩት። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ውኃ በብዛት የሚወጣው በእሱ ነው። ሳትለዩት ካስቀመጣችሁ አገዳውን እየጠጣ ያደርቀዋል። ቅጠሉን አትጣሉት፣ እመለስበታለሁ።

አገዳውን አትጠቡት። ጭቃው ከበዛ አራግፉት። የታጠበ ነገር በደንብ ሳይደርቅ ከተቀመጠ ይበሰብሳል። የግድ ካጠባችሁ አንጠፍጥፋችሁ በጨርቅ አድርቁት።

ከዚያ መጠቅለል ነው። ፈረንጆቹ አልሙኒየም ፎይል ይወዳሉ፣ እውነታቸውን ነው። ፎይል እርጥበቱን ይይዛል፣ ግን እንደታሰረ ፌስታል አየር አያፍንም፣ በእጥፋቱ በኩል ይተነፍሳል። ሆቴል ሳለሁ እንደዚያ ነበር የምናደርገው። ፎይሉን ሳትቀዱ ካወጣችሁት ደጋግማችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። ቤቴ ግን እኔ የምጠቀመው አሮጌ ነጠላ ነው። አንድ ክንድ የሚያህል ቀድጄ አጥቤ አስቀምጫለሁ። በውኃ ነክሬ እጨምቀዋለሁ፣ እስከማይንጠባጠብ ድረስ። ሴለሪውን ጠቅልዬ አፉ ክፍት የሆነ ፌስታል ውስጥ አስገባዋለሁ። በየሦስት ቀኑ ጨርቁን ነክቼ ከደረቀ አርሰዋለሁ። በቃ። አንድ ጊዜ ጨርቁን ማርጠብ ረስቼ ከላይ ያለው አገዳ ዳሩ ደረቀብኝ እንጂ ሁለት ሳምንት በደህና ይቆይልኛል። ከዚያም ያለፈበት ጊዜ አለ።

አንዲት ልጅ እግር እናት እዚህ ላይ እጇን አወጣች። «ቆራርጬ በውኃ ውስጥ ባስቀምጠውስ? ጠዋት ለልጆች ምሳ ዕቃ መቁረጫ ጊዜ የለኝም» አለች። ይቻላል። እንዲያውም ለጥሬ የሚጣፍጠው እንደዚያ የቆየው ነው። የጣት ያህል ቆራርጠሽ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ንጹሕ ውኃ አልብሰሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው። ውኃውን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቀይሪ። አንድ ሳምንት ይቆይልሻል። ውኃው ከደፈረሰ ወይም አገዳው ከተሙለጨለጨ ግን አታመንቺ፣ ጣዪው።

የተከተፈ ሴለሪ ላይ ጥንቃቄ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ፋብሪካ ውስጥ ተከትፎ ለሆስፒታሎች በቀረበ ሴለሪ ምክንያት 10 ሰዎች ታመው 5ቱ ሞተዋል። ተህዋስዋ ሊስቴሪያ ትባላለች። ክፋቷ ፍሪጅ ውስጥም መራባቷ ነው። የታመሙት ቀድሞውንም በሌላ ሕመም የደከሙ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ቤታችሁ ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት ወይም ታማሚ ካለ፣ ለእነሱ ሴለሪውን በሚበላበት ሰዓት ክተፉ። ወይም አብስሉት።

ፍሪጁ ውስጥ ቦታው የት ነው? ከታች ያለው የአትክልት መሳቢያ ነው። ሴለሪ ቅዝቃዜ ይወዳል። ነጋዴዎች በ0 ዲግሪ፣ እርጥበቱ በበዛ መጋዘን፣ ከ5 እስከ 7 ሳምንት ያቆዩታል። የእኛ ፍሪጅ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግን ከኋላ ግድግዳው ጋር አታስጠጉት። ከ0 በታች ትንሽ እንደወረደ፣ ግማሽ ዲግሪ እንኳ፣ መርጋት ይጀምራል። የረጋ ሴለሪ ሲቀልጥ ውኃ እንደገባበት ብርጭቆ ብርጭቆ ይላል፣ ከዚያ ይፈርሳል።

ጎረቤቱንም ምረጡለት። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ፣ ቲማቲም፣ ፖም ሲበስሉ ኢቲሊን የሚባል ጋዝ ያስወጣሉ። ጋዙ በጣም ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ሴለሪን ብዙ አይጎዳውም። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ ሲያልፍ ግን አረንጓዴውን ወደ ቢጫ ይለውጠዋል። የእኛ ፍሪጅ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ከ5 ያልፋል። የኔን ሣጥን የጨረሰው ማራገቢያውና ሙዙ ተባብረው ነው።

አንዲት እማማ ከጥግ ተነሡ። «እኔ ፍሪጅ የለኝም፣ ታዲያ ለእኔ ምን አለሽ?» አሉኝ። እማማ፣ ለእርስዎ ያለኝ እርስዎ ከእኔ በፊት የሚያውቁት ነው። እንስራ ውስጥ ያለ ውኃ ለምን ይቀዘቅዛል? ገላው ላብ ያወጣል፣ ላቡ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ሴለሪውም እንደዚያው ነው። ጆግ ወይም ጣሳ ውስጥ ሁለት ጣት ውኃ አድርገው እንደ አበባ ያቁሙት። ከላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል ያድርጉበት። ፀሐይ የማይገባበት፣ ነፋስ የሚነካው ጥግ ያስቀምጡት። ጠዋት ጠዋት ውኃውን ይቀይሩ፣ ጨርቁን ያርጥቡ። ሦስት አራት ቀን ይቆይልዎታል። በበጋ፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ ጨርቁ የበለጠ ያቀዘቅዛል። በክረምት እምብዛም ነው።

ስለ ማጠብ ቶሎ ልበል። የሴለሪ አገዳ እንደ አሸንዳ ነው፣ አፈር ውስጡ ይቀራል። እስሩን አገዳ አገዳ አድርጋችሁ ለያዩትና እያንዳንዱን በሚወርድ ውኃ በጣታችሁ ጥረጉ። አቼቶ የተጨመረበት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ጥሩ ልማድ ነው፣ ጀርም ይቀንሳል። ሁሉን ግን አይገድልም። አተት ተነሥቷል በተባለ ጊዜ ጥሬውን አትብሉ፣ አብስሉት። ሌላም አለ። በአቃቂ ወንዝ ውኃ የለማ አትክልት ላይ ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጣ ከባድ ብረት መገኘቱን ብዙ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። እንዲህ ያለው ነገር ተክሉ ራሱ ከአፈርና ከውኃ ስቦ ውስጡ ስለሚያስገባው በማጠብ አይወጣም። ስለዚህ ደንበኛችሁን ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። የጠየቀ ሲበዛ ነጋዴውም አምራቹን ይጠይቃል።

ሁዳዴ ሲመጣ 55 ቀን ሙሉ ሾርባና አትክልት ነን። ረመዳንም ሲደርስ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ማታ ማታ ሾርባ ላይ ናቸው። ለዚያ ጊዜ ሴለሪን በበረዶ ማቆየት ይቻላል። ከትፋችሁ በሚፈላ ውኃ ውስጥ 3 ደቂቃ፣ ከዚያ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ። አንጠፍጥፋችሁ ለአንድ ድስት የሚበቃውን በየትንሽ ፌስታሉ ከፍላችሁ ወደ ፍሪዘር። ቀጭ ማለቱን ግን ተሰናበቱት። በረዶው እነዚያን የተወጠሩ ኳሶች ይቀዳቸዋል። ለሰላጣ አይሆንም፣ ለድስት ብቻ። ጣሊያኖች ሽንኩርት፣ ካሮትና ሴለሪ አድቅቀው በዘይት የሚያቁላሉትን ሶፍሪቶ ይሉታል። እኔ ሦስቱን አንድ ላይ ከፍዬ አስቀምጣለሁ። በጾም ቀን ለፓስታ ሶስ ስጋ ሳይኖረው ስጋ የነካው የሚመስል ጥልቀት የሚሰጠው ይህ ነው።

አሁን ወደ ቅጠሉ። ከምንጥለው ሁሉ የሚያሳዝነኝ ቅጠሉ ነው። ከአገዳው ይልቅ ሽታው ያለው እሱ ጋር ነው። ወንፊት ላይ ዘርጉት፣ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ፀሐይ ላይ አይሁን፣ ሽታው ይበናል፣ ይነጣል። ሲነካ የሚፈረካከስ ሲሆን ከጨው ጋር አሹት። ምስር ሾርባ ላይ፣ አጃ ሾርባ ላይ፣ እንቁላል ፍርፍር ላይ ቆንጠር አድርጉ። የኔ እናት አሁን ያለሱ ሾርባ አትጠጣም። እስሩ ከነመሠረቱ ከሆነ ደግሞ ያንን ቂጡን አንድ ጣት ውኃ ባለው ሣህን ላይ አስቀምጡት። በጥቂት ቀን ከመሃሉ ለጋ ቅጠል ይወጣል። አፈር ያለበት ጣሳ ውስጥ ብትተክሉት ቅጠል ይሰጣችኋል። ወፍራም አገዳ አትጠብቁ።

አንድ ወጣት ስለ ጭማቂው ጠየቀኝ። «ጠዋት በባዶ ሆድ የሴለሪ ጁስ የማያድነው በሽታ የለም ይላሉ» አለ። አየህ ወንድሜ፣ እኔ ሴለሪን በጣም እወዳለሁ። ስለምወደው ነው የሌለውን የማልሰጠው። በሽታ እንደሚያድን የተረጋገጠ ነገር የለም። ለመፍጨት የሚወጣው ካሎሪ ሴለሪው ከያዘው ይበልጣል የሚባለውም ትክክል አይደለም። 100 ግራሙ 15 ካሎሪ ገደማ ብቻ ስላለው ቀላል ምግብ ነው፣ ያ ራሱ በቂ ነው። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ካላችሁ ሴለሪ ቫይታሚን ኬ አለው። በየቀኑ ጁስ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አናግሩ። ሴለሪ ሰውነታቸው የማይቀበል ሰዎችም አሉ። ይህ አለርጂ አውሮፓ ውስጥ በብዛት ስላለ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ምግብ ላይ በግልጽ ተጽፈው እንዲታዩ ከሚያስገድዳቸው 14 ነገሮች አንዱ ሴለሪ ነው። እዚያ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች፣ ከበሉ በኋላ አፋቸውን የሚያሳክካቸው ወይም ከንፈራቸው የሚያብጥ ከሆነ ይህን አስታውሷቸው።

አንድ ጨምሬ ወደ ሳፋው ልመለስ። አገዳው ላይ ሮዝ ቀለም ያለው ብስባሽ ወይም ነጭ ሻጋታ ካያችሁ «ጥሩውን ቆርጬ ልጠቀም» አትበሉ። እንዲህ ያለ ሻጋታ ሲይዘው ሴለሪ ለራሱ መከላከያ የሚያመርተው ንጥረ ነገር ይበዛል። ያ ንጥረ ነገር ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ቀኑን ሙሉ ሴለሪ የሚለቅሙ ሠራተኞች እጃቸው እንደ ውኃ ቋጠሮ የሚያብጠው በዚህ ነው።

ሳፋውን ወደዚህ አምጡልኝ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው። ይህን እዩት። ይህ ቅድም እንደ ገመድ የተንጠለጠለው ነው። አሁን ጫፉን ይዤ አነሣዋለሁ። ቆመ። ያ ዘጠኝ የቆጠረው ልጅ የት አለ? ና፣ አንተ ስበረው። (ሰበረው። ቀጭ ሲል ከኋላ ያሉትም ሰሙት።) ሁለተኛው ደግሞ፣ እሱም ቀጭ። ሦስተኛው፣ እሱም። አራተኛው ትንሽ ይቀረዋል፣ ግማሽ ሰዓት ይጨመርለት። አምስተኛው አልተነሣም። ስቆርጠው እዩ፣ መሃሉ ባዶ ነው፣ ነጭ ስፖንጅ ነው። ማክሰኞ ስገዛ በጣቴ ጫን ሳልለው አልፌዋለሁ። ውኃ የሚይዝበት ስለሌለው ውኃው ውስጥ ቢያድርም አይጠነክርም።

እማማ፣ ይህን አምስተኛውን ዛሬ ማታ ለሾርባ ይውሰዱት። ድስት ውስጥ ባዶነቱ አይታወቅም፣ ሽታው እንዳለ ነው። ቅጠሉን ደግሞ በወረቀት ጠቅልዬልዎታለሁ።